እሑድ ኳስ የማይመታበት አገር

ወለጋን ያላየ ሰው ስለ ወለጋ ብዙ ያውቃል። ይህን የተረዳሁት ልሄድ በተነሣሁበት ሳምንት ነው። በቢሮአችን ካለነው ዘጠኝ ሰዎች ከአምቦ ጠበል ወዲያ የተሻገረ አንድም አልነበረም፤ ስምንቱም ግን መከሩኝ። አንዱ ወባው አይምርዎትም አለኝ። አንዱ ቅቤው ያወፍርዎታልና ቀሚስዎን አስቀድመው ያስፉ አለኝ። ሌላው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ የማያውቅ ሰው፣ መንገዱን ከነመታጠፊያው ዘረዘረልኝ። ሄጄ ተመልሼ ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ነው፤ መቼም አይሄዱም።

ቢሮአችን የየጠቅላይ ግዛቱን የእግር ኳስ ቡድኖች ለዋንጫ የሚያጋጥም ጽሕፈት ቤት ነው። እኔ የገባሁት ታይፕ ልመታ ነበር። ወንዶቹ ስለ ኳስ ሲጮሁ እኔ ጩኸታቸውን አሳምሬ በወረቀት አሰፍር ነበር። ዳኞቻችን ተጫዋች ለማባረር እንጂ ሪፖርት ለመጻፍ ወኔ እንደሌላቸው አየሁ፤ ሪፖርታቸውን አቃናሁላቸው። የግጥሚያ መርሐ ግብር ሲያወጡ አንዱን ቡድን በአንድ ቀን በሁለት ከተማ እንደሚያጫውቱት አየሁ፤ መርሐ ግብሩን ከእጃቸው ወሰድሁ። ከዚያ የሜዳው ክርክር፣ ከዚያ የዳኞቹ ምደባ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። በአሥራ አንድ ዓመት ምክትል ዋና ጸሐፊ ሆንሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ኳስ በእግሬ ነክቼ አላውቅም፤ አቶ መንገሻ ይህን በየስብሰባው ሳያነሣ አይቀርም።

አቶ መንገሻ የውድድር ክፍል ሹማችን ነው። በወጣትነቱ ተጫውቷል፤ አንድ ጎል አግብቷል፤ ያቺን አንዲት ጎል እስከ ዛሬ እያገባት ነው።

ዋናው ጸሐፊ በሕመም ጡረታ ሲወጡ ወንበሩ ለእሱ ወይስ ለእኔ ይሁን የሚለው ነገር ተነሣ። ሰብሳቢያችን ፊታውራሪ የቀረበላቸውን ወረቀት ሁሉ ሳያነቡ የሚፈርሙ ደግ ሰው ናቸው። እሳቸውም፣ «ወለጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዋንጫው ቀርቷል። ወለጋን እሑድ ሜዳ ላይ ያቆመልኝ ሰው ወንበሩን ይውሰድ» አሉ። ያን ጊዜ አቶ መንገሻ ተነሥቶ፣ «ወይዘሮ የሺመቤት ትሂድ» አለ። ደነቀኝ። በር ላይ ስንገናኝ እንኳ አሳልፎኝ የማያውቅ ሰው ነው። ስንወጣ ደግሞ ፈገግ ብሎ፣ «እሑድ ካጫወትሻቸው ወንበሩን እኔ ራሴ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ» አለኝ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ማለቱንም ከኋላዬ ሰምቻለሁ፤ ጀርባዬ ጆሮ አለው።

እሑድ ያሉት ከደንባችን አንቀጽ አምስት ወስደው ነው። «ግጥሚያ ሁሉ እሑድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይደረጋል» ይላል። አጭር፣ ንጹሕ አንቀጽ ነው፤ እኮራበት ነበር። ለምን እንደምኮራበት ኋላ እነግራችኋለሁ። የነቀምቴና የጊምቢ ቡድኖች በዚህ አንቀጽ መሠረት ሁለት ዓመት ሳይቀርቡ ቀርተው ተሰርዘዋል። የመሰረዣውን ደብዳቤ ሁለቱንም ጊዜ የመታሁት እኔ ነኝ። «ለስፖርት ደንታ የሌላቸው» የሚለውን ቃል ደግሞ ማንም ሳያዘኝ ከራሴ ነው የጨመርሁት።

ቅዳሜ ማለዳ በአውቶቡስ ተነሣሁ። በቦርሳዬ ደንቡን፣ መርሐ ግብሩን፣ አንድ ፊሽካና አዲስ ኳስ ይዣለሁ። ኳሱን እሑድ ለመጫወት ሲፈርሙልኝ ልሰጣቸው ነው፤ ሕፃንን ጡጦ እያሳዩ እንደሚያባብሉት። አጠገቤ የተቀመጠው የእህል ነጋዴ እስከ ሆለታ ድረስ ባለቤቴ ነቀምቴ ምን እንደሚሠሩ ሲጠይቀኝ ሄደ። ባል የለኝም፣ ለኳስ ሥራ ነው የምሄደው አልሁት።

«ኳስ ይሸጣሉ?»

«አልሸጥም። አስተዳድራለሁ።»

«ኳስን?» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እስከ አምቦ ድረስም አልመለሰውም። በአዲስ አበባ ሰው ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ቢያንስ ይስቃል።

አምቦ ምሳ በላን፤ ሥጋው የመንገዱን ያህል ጠንካራ ነበር። ጌዶ ላይ በብርድ ተንቀጥቅጠን ቁልቁል ወርደን ባኮ ስንደርስ ላብ በላብ ሆንን። በአንድ ቀን ኮት አስለብሶ ኮት የሚያስወልቅ አገር ነው። ባኮ ያደርሁበት አልቤርጎ አልጋ አራት እግር አለው ተብሎ ነበር፤ አራተኛው ጡብ ሆኖ ተገኘ። ትኋኖቹ ግን አልጎደሉም። ፒያሳ ጀርባ ያለችውን ክፍሌን፣ እኔው ራሴ ሳማርራት የኖርሁትን፣ በናፍቆት አነሣኋት።

እሑድ ጠዋት ከባኮ ተነሥተን አኖ መግቢያ ላይ የአውቶቡሱ ባሌስትራ ተሰበረ። ሾፌሩ ወርዶ አየና ሳይናደድ ጥላ ሥር ተጋደመ። ምን እየጠበቅህ ነው ስለው፣ ሜካኒኩ ጸሎት ቤት ነው፣ መዘምር ነው፣ ሲወጣ ይመጣል አለኝ። መቼ ይወጣል? ሲጨርሱ። እኔ በጉዳይ የምሄድ ሰው ነኝና ራሴ ሄጄ ልጠራው ተነሣሁ። የጸሎት ቤቱ በር ላይ የቆሙ አንድ ሽማግሌ በፈገግታ ሰላም ብለውኝ፣ በፈገግታ በሩን ዘጉብኝ። ከውስጥ ዜማው አላቋረጠም።

እዚያው በር ላይ እንደቆምሁ ለጸሎት አርፍደው የመጡ አንዲት ሴትዮ ክንዴን ያዙኝ። አዴ ዲንቂቱ ይባላሉ፤ አዴ በዚያ አገር ለሴት የክብር መጠሪያ ነው።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ? ባገ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ፀሐይ ላይ ምን ያስቆምሻል? ነይ፣ ቤት ግቢ።»

በቢሮ አንቺ የሚለኝ አቶ መንገሻ ብቻ ነው፤ እሱም ሊያዋርደኝ ብሎ ነው። እኚህ ሴትዮ ግን እናት ልጇን እንደምትለው አሉኝ፤ መቆጣት አቃተኝ። ቤታቸው አስገብተው በቅቤ የተለወሰ የተቀቀለ ሥር አቀረቡልኝ። ድንች መስሎኝ፣ ይኸው ደግሞ ድንች ብዬ በልቤ ናቅሁት። አንጮቴ ነው፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ። እየበላሁ ስለ ሜካኒኩ አማረርሁ።

«ድርብ ሒሳብ እከፍለዋለሁ። ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢወጣልኝ ምን አለ?»

አዴ ዲንቂቱ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ሳቁ። «እሑድ እኮ የዋቃ ቀን ነው፣ ልጄ። ዋቃን አስነሥተሽ ባሌስትራ ልታሠሪ ነው?» ለጸሎት የታጠቡትን እግራቸውን አቧራ አልብሰው፣ ጸሎታቸውን ትተው እኔን እያበሉ ነው ይህን የሚሉኝ።

በእኛ አገር ቅዳሴው በጠዋት ያልቃል፤ በዘጠኝ ሰዓት ሰው ሁሉ ስታዲየም ነው፤ እግዚአብሔርም ኳስም ድርሻቸውን አግኝተው ይውላሉ። እዚህ ግን እግዚአብሔር ቀኑን ጠቅልሎ ይወስዳል። ይህን ታዝቤ ማለፌ አሁን ያሳፍረኛል፤ ነገሩ ሁሉ ዓይኔ ሥር ነበር፤ እኔ ግን አንጮቴውን ብቻ አየሁ።

ሜካኒኩ በስምንት ሰዓት ከነሙሉ ልብሱ መጣ። ዛሬ ብረት አልቀጠቅጥም አለ። ከዚያ ተሳፋሪውን አየ፣ እናቶችን አየ፣ ኮቱን አውልቆ አጠፈ። «በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበትም ይወጣል ተብሏል። እናንተ በሬው ናችሁ» ብሎ ባሌስትራውን በእንጨትና በጠፍር ጠፍሮ ነቀምቴ ድረስ የሚያደርስ አደረገው። ገንዘብ ብንሰጠው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። በስሬ ከተማ በኩል አዝግመን አመሻሽ ላይ ነቀምቴ ገባን።

መምህር ዱጉማ ከጸሎት ከወጣ ጀምሮ ማቆሚያው ላይ ሲጠብቀኝ ውሎ ነበር። ቀጭን፣ በዝግታ የሚናገር የትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ የነቀምቴ ቡድን ኃላፊም እሱ ነው። ሆቴል ውሰደኝ ብለው አልሰማኝም። ባኬ ጃማ ወደሚባለው ሰፈር ወደ ቤቱ ወሰደኝ፤ ሚስቱ የራሳቸውን አልጋ አነጠፈችልኝ፤ እነሱ የት እንዳደሩ እስካሁን አላውቅም። በእራት ጊዜ የሜካኒኩን በሬ እያሾፍሁ ነገርኋቸው፤ ሳቁ። ለሚስቱም፣ ብቻችንን ስንሆን፣ ይህ ጉዞ ወንበር እንዳለበት ነገርኋት። ለምን እንደነገርኋት አላውቅም፤ የደከመው ሰው አፉ አይዘጋም።

ሰኞ ወደ ቡድኑ ቢሮ ወሰደኝ። ቢሮ የተባለው የልብስ ሰፊው የአለማየሁ ሱቅ ነው። አለማየሁ አባቱ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ሰፊም በረኛም ነው፤ እጁ ለሁለቱም ይሆናል። ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት ወረቀት በሙጫ ተለጥፏል። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ የእኔው ሁለት የመሰረዣ ደብዳቤዎች ናቸው። የእኔ ታይፕ፣ የእኔ ቃል፣ የፊታውራሪ ፊርማ።

«ይህን ደግሞ ለምን ትለጥፉታላችሁ?» አልሁ።

«ለወኔ ነው፣ እመይቴ» አለ አለማየሁ፣ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ። «ከመጫወታችን በፊት ‹ደንታ የሌላቸው› የምትለዋን እናነባታለን። እንዴት ያለች ቃል መሰለችዎ! የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ፤ ፊደሉም ያምራል።»

ፊቴን ወደ ጨርቁ መለስሁ። መርሐ ግብሬን ዘርግቼ አንቀጽ አምስትን አነበብሁላቸው፤ አዲሱንም ኳስ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። መምህር ዱጉማ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ «የጊምቢው ኃላፊ ኦቦ ገመቹ ነገ ይመጣል። እሱ ሳይኖር አንናገርም፣ አዴ የሺ» አለኝ። ጮህሁ። ሁለት ዓመት አልበቃ ብሏችሁ አንድ ቀን ይጨመርላችሁ ወይ አልሁ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ጩኸቴ እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ከዝናብ እንደተጠለለ ሰው። የሥራ ሰዎች አይደሉም ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሳሙና ልገዛ ወጣሁ። በስምንት ሰዓት የመጀመሪያው ሱቅ ተዘጋ፤ ሁለተኛው ሲዘጋ ደረስሁ፤ ሦስተኛው በፊቴ ቆለፈ። እህል የምትሰፍረው ሴት ቁናዋን ደፍታ ሄደች። መርካቶ ቢሆን በዚህ ሰዓት ገና ገበያው ሊደራ ነው። ይህ ነው እንግዲህ ዋንጫ የሚመኝ ከተማ! ወደ አለማየሁ ሱቅ ስሄድ እሱም ቁልፉን እያዞረ ነው።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አልሁት።

«ማክሰኞ ነው፣ እመይቴ።»

«ማክሰኞ ምንድን ነው? የማን በዓል ነው?»

አለማየሁ አዘነልኝ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። «ማክሰኞ ነዋ» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ። ሰዉ ሁሉ ወደዚያው ይጎርፋል። ተከተልሁ።

ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ሜዳ ጢም ብሏል። ነጋዴው፣ የመሥሪያ ቤት ሹሙ፣ ቄሱ፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ተቀላቅለው ቆመዋል። ከቢላ ድረስ በበቅሎ የመጡ ሰዎች በቅሏቸውን አስረው ቦታ ይሻማሉ። የእኛን ሜዳ የምናጥረው ሰው ሳይከፍል እንዳይገባ ነው፤ ይህን ሜዳ ያጠረው ሰው ራሱ ነው። ጥቂት ቆይቶ በጊምቢ መንገድ አቧራ ተነሣ፤ ሕዝቡ ጮኸ። ቡና እስከ አፉ የጫነ መኪና መጣ፤ ከጆንያዎቹ ላይ የጊምቢ ቡድን ተቀምጧል። ከላይ እየዘለሉ ወረዱ፣ የቡና ገለባ ከጸጉራቸው አራገፉ። ሾፌሩም ወርዶ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። የጊምቢው ኃላፊ ኦቦ ገመቹ ማለት ይህ ሾፌር ነው።

አዲሱን ኳስ አምጡ ተባለና በብስክሌት መንፊያ ተነፋ። ገና አንድ ጊዜ ሲመታ ፍስስ አለ፤ ካላማዳሪያው ቀዳዳ ነበረው። ከአዲስ አበባ እንደ ጡጦ ይዤ የመጣሁት ኳስ ነው! ሕዝቡ እንዳይስቅብኝ አንድ ሽማግሌ፣ «ኳሱም እንደ እንግዳዋ መንገድ ደክሞት ነው» አሉ። የእነሱ አሮጌ ኳስ ገባ፤ ቆዳው አለማየሁ በአራት ዓይነት ክር የጣፈው ነው፤ እስከ ማታ አልተነፈሰም።

ስለ ጨዋታው ብዙ አልጽፍም፤ ስለ ኳስ መጮህ የወንዶቻችን ሥራ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ካየሁት ሁሉ በላጭ ነበር፤ ይህን ብቻ እላለሁ። ጊምቢ ሦስት ለሁለት ረታ። ስጮህ ራሴን አገኘሁት፤ ያውም ለነቀምቴ።

ሲያልቅ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጥን። «ይህ ከመቼ ወዲህ ነው?» አልሁ።

«ሁለት ዓመት አለፈው» አለ ኦቦ ገመቹ። «ቡናዬ ማክሰኞ ከጊምቢ ይወጣል፤ ረቡዕ ከዚህ ወደ ፊንፊኔ ያልፋል። ልጆቹን እጭናለሁ፤ ሲመለሱ የወንድሜ ባዶ መኪና ይዟቸው ይሄዳል። ነቀምቴዎችም ሲመጡ እንደዚያው ነው።»

«እሑድስ?»

«እሑድ የኛዎቹ ጸሎት ናቸው» አለ መምህር ዱጉማ። «ሽማግሌዎቹ ከሜዳ አጠገብ እንድናልፍ እንኳ አይወዱም።»

«እንግዲያው ቅዳሜ!»

«ቅዳሜ የኛ ሰንበት ነዋ» አለ ገመቹ። «ከቡድኔ ስምንቱ ቅዳሜን የሚያከብሩ ናቸው። ለሦስት ሰው ኳስ እንሰፋለን?»

«ረቡዕስ? ዓርብስ?»

አለማየሁ ሆዱን መታ መታ አደረገ። «ጾም ነው፣ እመይቴ። ቄሱ እዚያ ቆመው እያዩኝ እህል ሳልቀምስ ጎል ልጠብቅ? ሰኞና ሐሙስ ደግሞ ገበያ ነው፤ ማን ያየናል? ማክሰኞን እግዜር ለኳስ ነው የተዋት።»

«ይህን ለምን አልጻፋችሁልንም?»

መምህር ዱጉማ ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ። «ለአቶ መንገሻ ሁለት ጊዜ ጻፍን። ማክሰኞ ይፍቀዱልን፣ ሌላ ምንም አንጠይቅም አልን። መልሱ ግድግዳው ላይ ያለው ነው።»

ስለዚህ አቶ መንገሻ እያወቀ ነው የላከኝ። ፈገግታው ገባኝ። በቁጣ ልነሣ ስል ግን መምህር ዱጉማ፣ «አንድ ነገር አስተምሩኝ፣ አዴ የሺ» አለ። «ይህን አንቀጽ አምስትን ማን አወጣው? ሰውዬው ምን አስቦ ነው?»

አሁን የምኮራበትን ልንገራችሁ። የደንቡ ረቂቅ በእጅ ተጽፎ ለታይፕ ሲመጣልኝ አንቀጽ አምስት፣ «ግጥሚያ ሁለቱ ቡድኖች በሚስማሙበት ቀን ይደረጋል» ይል ነበር። የባላገር ሰው መቼ ይስማማል ብዬ ሣቅሁ። ሰርዤ እሑድ ብዬ መታሁት። ፊታውራሪ ፈረሙ፤ ማንም አላስተዋለም። በወንዶች ደንብ ውስጥ የተቀመጠ የእኔ አንድ አንቀጽ ነው ብዬ ዓመታት በድብቅ ተደሰትሁበት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ለጠየቀኝ ሰው ግን ዋሸሁ። አላውቅም አልሁት።

ረቡዕ ማለዳ ልሰናበት ስል ሦስቱም የመምህሩ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው። የመምህሩ ሚስት ጥግ ይዛ መሬት መሬት ታያለች፤ ነግራቸዋለች።

«አዴ የሺ» አለ መምህር ዱጉማ። ፊቱ የታመመ ሰው ፊት መስሏል። «እንጀራዎ በእኛ እሑድ ላይ እንደተንጠለጠለ ሰማን። ማታ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ለመንኋቸው። አንዲት እሑድ ብቻ እንጫወታለን፤ ይጻፉና ወንበርዎን ይያዙ። በሬ ጉድጓድ ገብቷል አልኋቸው።»

ኦቦ ገመቹም፣ «ለዚያች እሑድ መኪናዬን ያለ ቡና አነሣለሁ» አለ።

ወረቀቱን አቀረበልኝ። ብዕሩንም ራሱ አወጣ። ወንበሩ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ የእኔ ነው። አቶ መንገሻ ተሸክሞ ሲያመጣልኝ ታየኝ። እኔ በሁለት መስመር የሰደብኋቸው ሰዎች ሰንበታቸውን ሊሽሩልኝ ተቀምጠዋል። ተናደድሁ፤ በማን እንደተናደድሁም ለአንዴ አወቅሁ።

«አልፈልግም» አልሁ። «በሬዋ ጉድጓዱን የቆፈረችው ራሷ ናት። አንቀጹን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ ያለውንም የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

እርግማን ጠበቅሁ። አለማየሁ ነው መጀመሪያ የተናገረው። «ፊደሉ ያምራል ብዬ ነበር» አለ፣ ቀስ ብሎ። የመምህሩ ሚስት ተነሥታ በቅል የተሞላ ማር ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ፤ የትናንቱን ኳስም አለማየሁ ካላማዳሪያውን ለጥፎ፣ ቆዳውን መልሶ ሰፍቶ ሰጠኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የተመለስሁት በኦቦ ገመቹ መኪና፣ ከጎኑ ተቀምጬ ነው። አኖ ላይ መኪናውን አስቁሜ አዴ ዲንቂቱን ተሳለምሁ፤ አንጮቴ ጨመሩልኝ። ሐሙስ አዲስ አበባ ስገባ ኮቴ ቡና ቡና ይሸት ነበር፤ የሰፈሬ ሰዎች ነጋዴ ሆነሽ መጣሽ አሉኝ።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። አቶ መንገሻ ደንቡን ከፊቱ ገልጦ ጠበቀኝ። «እሑድ ይጫወታሉ?» አለ።

«አይጫወቱም። ማክሰኞ ግን ከእኛ በተሻለ ይጫወታሉ» ብዬ ያየሁትን ሁሉ ተናገርሁ። ወለጋዎች የጻፉልህን ሁለት ደብዳቤዎችስ የት አደረግሃቸው ስለው፣ በትክክለኛው መንገድ ያልቀረበ ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም አለኝ።

«ደንብ ደንብ ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ ወደ ፊታውራሪ ዞሮ። «ለወለጋ ብለን አንቀጽ አምስትን አንሽርም።»

ፊታውራሪ ግንባራቸውን አሹ። «ለመሆኑ ይህን አንቀጽ ማን ነው ያወጣው? እኔ አላስታውስም።»

ዝም ብዬ ብቀመጥ ማንም አያውቅም ነበር። ተነሣሁና ነገርኋቸው፤ ረቂቁ ምን ይል እንደነበር፣ እኔ ምን እንደመታሁ፣ እሳቸውም እንደፈረሙ። ቦርዱ በሙሉ ፊታውራሪን አያቸው። እሳቸው ቀሉ። ያን ጊዜ ወንበሩ ከእጄ መውጣቱን አወቅሁ። ትልቅ ሰው ኃጢአትን ይቅር ይላል፤ ሳያነብ መፈረሙን በሰው ፊት የነገረበትን ግን አይምርም።

«ያበላሸሽውን አንቺው አስተካክዪ» አሉኝ። «ወንበሩን አቶ መንገሻ ይያዘው።»

አንቀጽ አምስትን እንደ ረቂቁ መልሼ መታሁት። የአቶ መንገሻን የሹመት ደብዳቤም እኔው መታሁት፣ ሌላ ማን ይመታል፤ አንድ ፊደል አልሳትሁም። ቃሉንም ጠብቋል ማለት ይቻላል፤ ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ በክፍሌ በር ፊት አልፏል። አለቀስሁ፤ አልዋሽም። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ወንበር ነው።

ወለጋ ለዋንጫው በደንቡ መሠረት የተጫወተበት የመጀመሪያው ማክሰኞ ሲደርስ፣ በስምንት ሰዓት የጽሕፈት መኪናዬን ሸፈንሁ፤ ቁልፌን አነሣሁ። አቶ መንገሻ ከአዲሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጠራኝ።

«በሥራ ሰዓት ወዴት ነው?»

«ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞ ምንድን ነው? የማን በዓል ነው?»

አዘንሁለት። «ማክሰኞ ነዋ» ብዬው በሬን ቆልፌ ውጤቱን ልጠብቅ ወደ ቴሌግራፍ ቤት ሄድሁ።